ኦክቶፐስ በፍልሰታ

ባለፈው በጋ ሚስቴ ግሪክ አገር ሄዳ፣ እኔ ኦስሎ ቀርቼ፣ በአንድ የሰባ ስምንት ዓመት ሽማግሌ ቀናሁ። ቅናት እንደ ብጉር የወጣትነት ነገር ይመስለኝ ነበር፤ ድሮ አልፎኛል ብዬ ነበር። ለካ በሃምሳ አራት ዓመትም ይወጣል።

ነገሩ የጀመረው ሚስቴ ከምትሠራበት ሲከየም ነው፣ አረጋውያን ከሚጦሩበት ቤት። እዚያ አብራት የምትሠራ አንዲት ስድሳ ያለፋት ረጅም ኖርዌያዊት አለች። ክረምቱን ሙሉ የምታወራው ስለ በጋ ነው። ኖርዌዮች ፀሐይ ፍለጋ ሲሄዱ "ሲደን" ነው የሚሉት፣ ደቡብ ማለታቸው ነው። ግሪክም ይሁን ስፔን፣ ከሞቀ ሲደን ነው። የዚችኛዋ ግን ይለያል። በየዓመቱ ያችኑ አንዲት የግሪክ ደሴት ትሄዳለች፣ ያንኑ ቤት ትይዛለች፣ ከመንደር መንደር በእግሯ ትዞራለች፣ ቋንቋውንም ከባለሱቆቹ ጋር እየተጨቃጨቀች ለምዳዋለች። ባለፈው ዓመት "አንድ ክፍል ትርፍ አለኝ፤ ሁለታችሁም ኑ" አለች።

ሁለታችሁም ነው ያለችው። እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ።

"ፍልሰታን ባሕር ዳር ተጋድሜ ልጹም?" አልኳት ሚስቴን። "እመቤታችን ምን ትለኛለች?"

"እመቤታችን ሥራዋ አንተን ማየት ብቻ አይደለም።"

"ደግሞ እረፍት አይሰጡኝም።"

"ጠይቀሃቸዋል?"

"ፀሐዩም ያጠቁረኛል።"

ድሮ በዚህች ትስቅ ነበር። አሁን ወንበር ላይ ወጥታ ሻንጣዋን ከቁም ሳጥኑ አናት አወረደች።

እውነቱን ልናገርና፣ የፈራሁት የዋና ቁምጣውን ነው። መዋኘት አልችልም። ሆዴ ደግሞ ከቤት ስንወጣ በሩን ከእኔ ቀድሞ የሚያልፍ ሆድ ነው። እዚያች ረጅም ሴትዮ ፊት በቁምጣ ከመቆም ጻድቅ መምሰል ቀለለኝ።

ሚስቴ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ከእኔ ጋር የኖረችው ስለማስቃት ነው። ሌላ ምክንያት ፈልጌ አጥቻለሁ። ቁመት የለኝም፣ ድምፅ የለኝም፣ ፀጉሬም ከሠርጋችን በኋላ ብዙ አልቆየም። ልንጋባ ስንል እናቷ "ምኑን ወደሽው ነው?" ብለው ጠየቋት። "ያስቀኛል" አለች። "እኛንም አስቆናል፣ በሌላ ምክንያት ነው እንጂ" አሉ እናቷ። ከዚያ በኋላ ነው ሽማግሌ የላክሁት።

አሁን አሁን ግን ቀልዶቼን በቃሏ ታውቃቸዋለች። አፌን ስከፍት "የቄሱና የበቅሎዋ ናት?" ትልና ራሷ ትጨርስልኛለች። ሳቋ አልቆ በአፍንጫዋ የምትወጣ አንዲት "ህም" ብቻ ቀርታለች። እኔም ያቺን "ህም" እንደ ሳቅ እየቆጠርኩ እኖር ነበር።

ሐምሌ መጨረሻ ላይ ሄደች። ፍልሰታ ገባ። ሁለታችንም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነው የምንጾመው። ግሪክ ደግሞ ከኦስሎ በአንድ ሰዓት ይቀድማል። እሷ ዘጠኝ ሰዓት ሞልቶላት ገበታ ስትቀርብ እኔ ገና ስምንት ሰዓት ላይ ነኝ። በአንድ አምላክ እየጾምን እሷ አንድ ሰዓት ቀድማኝ ትበላለች። ቅናቴን ያስጀመረችኝ ይቺ ሰዓት ሳትሆን አትቀርም።

እኔ ቢየርቪካ ካሉት የመስታወት ሕንፃዎች አንዱን ነው የማጸዳው፤ ስምንት ሰዓት እወጣለሁ። ወጥቼ ቴባነ የሚሉት የምድር ውስጥ ባቡር ላይ ስሳፈር እሷ በቪዲዮ ትደውላለች። ስለዚህ ደሴቲቱን ያየኋት ከመሬት በታች፣ በባዶ ሆድ፣ ወደ ሰፈራችን ወደ ሮመን በሚሄድ ባቡር ውስጥ ቆሜ ነው።

ጠዋት ጠዋት የሄደችባቸውን መንደሮች ቀድታ ትልክልኝ ነበር። ኮረብታ ላይ እንደ ጨው የተበተኑ ነጫጭ ቤቶች። መንገድ የለም፣ ደረጃ ብቻ ነው፤ ጠባብ ከመሆኑ የተነሳ በቅሎ ሲመጣ ሰው ወደ ሰው ቤት ደጃፍ ገባ ብሎ ያሳልፋል። ክንፉ የረገፈ የነፋስ ወፍጮ አለ። ድመቶቹ ኪራይ እንደሚሰበስብ ሰው በየደጁ ተቀምጠዋል። ቤተ ክርስቲያኑ ደግሞ አይቆጠርም። ስድስት ሰው ከገባ ሰባተኛው ውጪ የሚያስቀድስበት፣ አንድ ቤተሰብ ያሠራው፣ ቁልፉ በሩ ላይ የተተወ። ሚስቴ ነጠላዋን ለብሳ አንዱ ደጃፍ ላይ ስታማትብ አንዲት ባልቴት መጥተው እጇን ያዙና ከቀኝ ወደ ግራ አድርገው እንደገና አማተቡላት። እኛ ከግራ ወደ ቀኝ ነው። ሚስቴ በራሷ መንገድ ደገመችው። ባልቴቷም በራሳቸው። ኖርዌያዊቷ እየሳቀች ነው የቀዳችው፣ ስልኩ ይንቀጠቀጣል።

ምግቡ ግን ነው የገደለኝ። የመጀመሪያው ቀን ከባሕሩ ዳር ካለ አንድ ምግብ ቤት ደወለች። ጠረጴዛው አሸዋው ላይ ነው የቆመው።

"ይኼን እየው" አለች ሳህኑን ወደ ካሜራው አቅርባ። "ክክ አልጫ እኮ ነው። እርድ ብቻ ነው የጎደለው። ከላይ ጥሬ ሽንኩርት፣ ዘይትና ሎሚ። ይኼ ደግሞ ጎመን ነው፣ ከተራራ የተለቀመ። እነሱም የእመቤታችንን ጾም ይዘዋል፤ ከእኛ ቀደም ብለው ነው የጀመሩት።"

"ብይ እንጂ፣ ለምን ታሳይኛለሽ?"

"አብረኸኝ እንድትበላ።"

"ስምንት ሰዓት ነው እዚህ።"

"ውይ፣ ረስቼው" አለች። አልረሳችም።

ከትከሻዋ ኋላ አንድ ሰውዬ ዳቦ ይዞ መጣ። ነጭ ሪዝ፣ ነጭ ሸሚዝ እስከ ክርን የተጠቀለለ፣ ጀርባው እንደ ምሰሶ የቀና። ባለቤቱ ነው። ሚስቱ ከሞተች ቆይታለች፣ ራሱ ነው የሚያበስለው። ዕድሜውን ሳይ "እሳቸው" ማለት ነበረብኝ፤ አንቱታው አልወጣልኝም።

"ሰባ ስምንት ዓመቱ ነው" አለች ሚስቴ። ትንሽ አሰበችና "አይመስልም" አለች።

በማግስቱ ፎቶውን ለእትዬ አሳየኋቸው። እትዬ ከእኔ ጋር ሦስተኛውንና አራተኛውን ፎቅ የሚያጸዱ የጎጃም ሴት ናቸው፤ ስድሳ ሊሆናቸው ነው፤ ቤተ ክርስቲያናችንም አንድ ነው። መነጽራቸውን አውጥተው አዩት።

"ቀጥ ያለ ነው" አሉ።

"እትዬ፣ እኔ ወንበሩን ነው የማሳይዎት፣ የባሕሩን ዳር ወንበር።"

"ወንበሩም ጥሩ ነው። አንተ ልጅ፣ ስንት ዓመት አልከኝ? ሃምሳ አራት?" ወደ ሆዴ አዩ። "እግዚአብሔር አንዳንዱን ይዘረጋል፣ አንዳንዱን ያጥፋል።"

በሦስተኛው ቀን ኦክቶፐሱ መጣ። ሚስቴ ስትደውል ከጀርባዋ እንደ ታጠበ ልብስ ገመድ ላይ ተሰጥቶ ነበር፣ ስምንቱም እግሩ ወደ ታች ተንጠልጥሎ።

"ከሰል ላይ ጠብሶ አመጣልኝ" አለች። "ደም የለውም ይላል። ደም የሌለው የባሕር ነገር ጾም አይሽርም ይላል፤ እነሱ በጾም ይበሉታል። እኔ ደግሞ ግራ ገባኝ። እምቢ ብል ቅር ይለዋል፤ በጠዋት ራሱ ጠልቆ ነው ያወጣው።"

በሰባ ስምንት ዓመቱ ጠልቆ። እኔ የገላ መታጠቢያው ውስጥ እንኳ ብረቱን ይዤ ነው የምቆመው።

"እና ምን ላድርግ?" አልኩ።

"አባን ደውለህ ጠይቅልኝ። እሳቸው ካሉ እቀምሳለሁ። ካላሉ ይቀራል። ቶሎ በል፣ ይቀዘቅዛል።"

ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር እኛ ጋ ያልሰማ የለም፤ ስለ ኦክቶፐስ ግን የተናገረ የለም። የንስሐ አባታችን ቢጠየቁ ምን እንደሚሉ አላውቅም ነበር። እስከ ዛሬም አላውቅም። ምክንያቱም አልጠየቅኋቸውም። ስልኩን በእጄ ይዤ ሳህኑን አሰብኩ፣ ሪዙን አሰብኩ፣ አጎንብሶ "እንዴት ነው?" ብሎ ሲጠይቃት በሐሳቤ አየሁት። ባቡሩ ቶየን ጣቢያን ሳያልፍ ጻፍኩላት፤ "አባን አግኝቻቸዋለሁ። 'ልጄ ሆይ፣ በጾም ወራት በሰው አገር ያላወቅነውን አንቀምስም፤ ይልቁንም ከእንግዳ ወንድ እጅ' ብለዋል።"

የመጨረሻዋን መጨመር አልነበረብኝም።

"እሺ፣ አባ ካሉ" ብላ መለሰች።

ሚስቴ እኔ የምለውን ግማሹን ነው የምታምነው፤ ዝናብ ጣለ ስላት በመስኮት ታያለች። በዚህ በኩል ግን ተጠራጥራኝ አታውቅም። በእግዚአብሔር ነገር አይቀልድም ትል ነበር ለሰው። ያቺን እምነቷን በአንድ የኦክቶፐስ እግር ሸጥኋት። ያን ቀን ዘጠኝ ሰዓት ሲሞላ ዳቦዬን በቲማቲም አቀረብኩ። በላሁትም።

ቅጣቱም ቶሎ መጣ። ሽማግሌው "ካህኗ ከለከሏት" ሲባል ቆቡን አወለቀ አሉ። ቅር አላለውም። እንዲያውም እንዲህ ያለች ጿሚ በደሴቱ ላይ የለችም ብሎ ለመንደሩ ተናገረ። ከዚያ ለእሷ ብቻ ሽምብራ ሠራ። ሽምብራውን በሸክላ ድስት ከሽንኩርትና ከሎሚ ጋር አድርጎ፣ አፉን ዘግቶ፣ ለዳቦ ጋጋሪው ይሰጣል። ዳቦ ጋጋሪው እሳቱ ከበረደ ምድጃ ውስጥ አሳድሮ በጠዋት ያወጣዋል። ድስቱን በፎቶ አየሁት። በማግስቱ ደግሞ በለስ፣ በቅጠል ተሸፍኖ በሯ ላይ። አንዲት ኦክቶፐስ ከልክዬ ሙሉ ጓዳ ከፈትኩለት።

"ምን አለ አንተም ብትሠራላት" አሉኝ እትዬ። የጻፍኩትን አልነገርኳቸውም፣ ሽምብራውን ብቻ ነው የነገርኳቸው። "ስትመለስ ቀርቦ ቢጠብቃት።"

ልክ ናቸው ብዬ አንድ ከረጢት ሽምብራ ገዛሁ። ምድጃችንን የማውቀው ከኋላው ስጠርግ ነው፤ ከፊቱ ብዙ አልተዋወቅንም። ሽምብራ ቀድሞ መዘፍዘፍ እንዳለበት ማንም አልነገረኝም። ሁለት ሰዓት ቀቀልኩት፤ ጠጠር ነው። አንድ ሰዓት ጨመርኩ፤ የሞቀ ጠጠር ሆነ። ታኝኮ የማይዋጥ ነገር መብላት ጾም ይሽር እንደሆነ አባን ልጠይቅ ብዬ፣ ያሰብኩት ራሴን አሳፈረኝ።

ነሐሴ ዘጠኝ ቀን የእነሱ ጾም ተፈታ፤ የእኛ ገና ሳምንት ይቀረዋል። ያን ቀን አልደወለችም፣ ቪዲዮ ነው የላከችው። የአንዱ መንደር ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ ውስጥ ነው። ሰው ሊገባበት የሚችል ድስት እሳት ላይ ተጥዷል፣ ፍየል ይቀቀላል። ለመጣ ሁሉ በነፃ ይቀርባል፣ ረጃጅም ጠረጴዛዎች አሉ፣ ሁለት ሰዎች በባለ አውታር መሣሪያ ይጫወታሉ፣ ሴቶች እጅ ለእጅ ተያይዘው ይዞራሉ። በዚህ ሁሉ ሥጋ መካከል የእኔ ሚስት በነጠላዋ፣ ፊት ለፊቷ ያቺ የሸክላ ድስት። በቀኟ ኖርዌያዊቷ። በግራዋ እሱ።

ሚስቴ አንድ ነገር ተናገረች፣ ሙዚቃው ዋጠው። ኖርዌያዊቷ ወደ ግሪክኛ መለሰችላቸው። ሽማግሌው አንድ ነገር አለ። ከዚያ ሚስቴ ሳቀች። አንገቷን ወደ ኋላ ጥላ፣ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ ድምፅ እስኪያጥራት። እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችና እንደገና ጀመረች።

ይኼን ሳቅ አውቀዋለሁ። የእኔ ነበር። ከስንት ዓመት በፊት እንደነበረ ግን ማስታወስ አቃተኝ። ደግሜ ደግሜ ሳየው ሮመንን አልፌ መጨረሻው ጣቢያ ደረስኩ፤ ሹፌሯ ወርዳ በመስኮት እስክታንኳኳብኝ ድረስ አልተነሳሁም።

በማግስቱ ለእትዬ አሳየኋቸው። ሞፓቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው እስከ መጨረሻው አዩት።

"ተደስታለች" አሉ።

"ምን ብሏት ይሆን?"

"እኔ በምን አውቄ። አንተ ያላልካትን ነዋ።"

ከሁለት ቀን በኋላ ተመለሰች። ቆዳዋ አብርቶ፣ ሻንጣዋ የክክ ከረጢትና የተራራ ቅጠል ተሞልቶ፣ ተረጋግታ። ያልበሰለውን ሽምብራ ማቀዝቀዣው ውስጥ አገኘችውና ምንም ሳትለኝ ውኃ ጨምራ እንደገና ጣደችው። እያማሰለች "በበዓሉ ቀን አባን አመሰግናቸዋለሁ" አለች። "በጾም ወቅት ሥራ አስፈታኋቸው።"

"ተያቸው፣ ይደክማቸዋል" አልኩ።

"ግድ የለም፣ አንድ ቃል ነው።"

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ እንቅልፍና እኔ ተኳረፍን። ሳትቀድመኝ ላግኛቸው ብዬ በየቀኑ ለአባ ደወልኩ፤ ስልካቸው ዝግ ነው። ቅዳሴ ላይ ይሆናሉ ብዬ ተውኩ። በምን እንደምጀምርላት አልታወቀኝም። በቀልድ ብጀምር አታምነኝም፣ ያለ ቀልድ ጀምሬ ደግሞ አላውቅም።

የፍልሰታ በዓል ዕለት ጠዋት፣ ነጭ ለብሰን ወደ ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ፣ ባቡሩ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጥን።

"አንድ ነገር ልንገርሽ" አልኩ።

"የበቅሎዋ ናት?"

"አይደለችም። ስለ ኦክቶፐሱ ነው። አባን አልጠየቅኋቸውም። የጻፍኩልሽ ከራሴ ነው። ቀንቼ ነው።"

በመስኮቱ ወደ ውጪ ታይ ነበር። ዞር አላለችም።

"አውቃለሁ" አለች።

"ማን ነገረሽ?"

"አንተ ስልኩን እንደዘጋህ ትዝ አለኝ። ጾሙ ከመግባቱ በፊት በነበረው እሑድ አባ ዐውደ ምሕረት ላይ ተናግረዋል፤ ሱባኤ እገባለሁ፣ እስከ በዓሉ ስልኬ ዝግ ነው ብለው። አንተ ግቢው ውስጥ ሰው እያሳቅህ ነበር። ደውዬ ተወው ልልህ ስል መልስህ ደረሰ። በአራት ደቂቃ። 'ልጄ ሆይ' ይላል። አባ መቼ 'ልጄ ሆይ' ብለውኝ ያውቃሉ?"



"ታዲያ ለምን አልበላሽም?"

"መቼ እንደምትነግረኝ ልየው ብዬ። ልትነግረኝ አሥራ ሦስት ቀን ፈጀብህ።"

"ተቀይመሻል?"

"በመጀመሪያው ቀን በጣም። ለማንም አልተናገርኩም። በእግዚአብሔር ስም ዋሸኝ ብዬ አለቀስኩም።" ነጠላዋን አስተካከለች። "ከዚያ በበዓላቸው ቀን፣ ያን ሁሉ ፍየል ፊቴ አስቀምጠው፣ ሰውዬው ደግሞ ቆቡን አውልቆ ለካህኔ ጤና ጽዋ ሲያነሳ፣ አልቻልኩም። ነገርኳቸው። ባሌ ነው ካህኑ አልኳቸው።"

ቪዲዮው መጣብኝ።

"በእኔ ነው የሳቅሽው?"

"በአንተ ነው እንጂ በማን?"

"እሱስ ምን አለ?"

"መጀመሪያ ከሁላችንም በላይ ሳቀ። በኋላ ሰው ወደ ጭፈራው ሲነሳ፣ እኔም ቀናተኛ ነበርኩ አለ። ሚስቱ እህቷን ልታይ ከተማ ልሂድ ስትለው አንዴ ሥራ በዛ፣ አንዴ ባሕሩ ተናወጠ እያለ አስቀርቷታል። እህቷን ሳታያት ሞተች። ባልሽ ሲመጣ እሱንም አበላዋለሁ አለ፣ ግን ራሱ ይምጣ።"

ለዚህ የሚሆን ቀልድ ፈለግሁ። አልነበረኝም። "አብሬሽ መሄድ ነበረብኝ" አልኩ።

"ያ" አለች በኖርዌይኛ፣ አዎ ማለቷ ነው፣ እንደ ሥራ ቦታዋ አጭር አድርጋ።

"እንዴት አድርገሽ ነው የነገርሻቸው? ማለቴ፣ ከየት ጀመርሽ?"

"እዚያ ብትኖር ትሰማ ነበር።"

ከቅዳሴ በኋላ ለአባ ተናዘዝኩ። "ኦክቶፐስ ምንድን ነው?" ብለው ጠየቁኝ፤ በእጄ ላሳያቸው ስሞክር ሰው አየን፣ ተውኩት። ስግደት ሰጡኝ። ቁጥሩን ጉልበቴ ያውቀዋል።

ከእሳቸው ተለይቼ ጾም ወደሚፈታበት አዳራሽ ስገባ ወንዶቹ በአንድ በኩል፣ ሴቶቹ በሌላ በኩል ተቀምጠዋል። ሚስቴ ከሴቶቹ መካከል ቆማ እየተናገረች ነው። እጇን አንድ ጊዜ እንደ መስቀል ታነሳለች፣ አንድ ጊዜ ስልክ እንደሚጽፍ ሰው በአውራ ጣቷ ትነካካለች። ስምንት ጣት ዘርግታ ስታወዛውዝ እትዬ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጠቀጠቁት፣ ትከሻቸው ይርገፈገፋል። ሚስቴ ራሷም መጨረስ አቅቷት ወንበር ያዘች።

እኔ ከዚህ በኩል ሳህኔን ይዤ ቆሜያለሁ፤ ከአዳራሹ ጫጫታ የተነሳ አንድ ቃል አይሰማኝም። ጠጋ አልኩ። እትዬ አዩኝና ሚስቴን በክርናቸው ነካ አደረጓት፤ ሁሉም ዝም አሉ። ወደ ወንዶቹ ተመለስኩ። ገና ወንበሬን ሳልስብ እንደገና ጀመረችላቸው።